ከፋርማሲ የምንገዛው ቅባትና የእናቶቻችን ቆዳ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የዛሬው ደብዳቤዬ ስለ እናቶቻችን ጡት ስር፣ ስለ ሆዳቸው እጥፋትና ስለ ብሽሽታቸው ነው። «ይሄ ደግሞ ጋዜጣ ላይ ይወጣል እንዴ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይውጣ። ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ኩላሊት፣ ስለ ልብ ትጽፋላችሁ፣ ደግ አደረጋችሁ። ቤቱ ውስጥ ያረጀ ወላጅ የሚጦር ሰው ግን በየቀኑ የሚታገለው ከሚላላጥ፣ ከሚያሳክክና ከሚሸት ቆዳ ጋር ነው። እሱን ደግሞ አፍ አውጥቶ የሚናገር የለም።

እኔ የምለው ይህ ነው። ይሄ ሽፍታ እየሄደ እየመጣ ዓመት ሙሉ የሚያሰቃያቸው፣ በአብዛኛው፣ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ጠንካራ ቅባት እየተቀቡ ስለሚከርሙና ቦታውን የሚያደርቅላቸው ሰው ስለሌለ ነው።

እናቴ ሰባን ተሻግራለች። ሞላ ያለች ሴት ናት። ጉልበቷን ያማታል፣ ዓይኗ ደክሟል፣ ትከሻዋም እንደ ድሮው ወደ ላይ አይነሳም። የምንኖረው አዳማ ነው፣ ሙቀቱን የኖረበት ያውቀዋል። እንግዲህ አስቡት፤ እጇን አንስታ ጡቷ ስር ያለውን ላብ መጥረግ አትችልም፣ ቦታውን ጎንበስ ብላ ማየትም አትችልም፣ በዚያ ላይ የውስጥ ልብስ፣ ቀሚስ፣ ሹራብ፣ ነጠላ ደራርባ ነው የምትውለው። ሽማግሌ ብርድ ይፈራል፣ አዳማም ሆኖ።

ሐኪሞቹ ኢንተርትራይጎ ይሉታል። ቆዳ ከቆዳ ጋር በሚነካካበት ቦታ ሁሉ ይወጣል። ጡት ስር፣ ሆድ ስር፣ ብብት፣ ብሽሽት፣ የእግር ጣቶች መሃል። ሲጀምር ፈንገስ ላይኖረው ይችላል። ላብ አለ፣ ፍትጊያ አለ፣ አየር የለም፣ በቃ። ቆዳው ላስቲክ ውስጥ ተቋጥሮ እንደሰነበተ እርጥብ ልብስ ይሆናል። ከዚያ ነው ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ ገብቶ ቤቱን የሚሠራው። ዙሪያውን ትናንሽ ብጉር የሚመስሉ ነገሮች ይበተናሉ፣ መሃሉ ላይ ነጭ ነገር ይታያል፣ እጥፋቱ ግርጌ ላይ ይሰነጠቃል፣ ያቃጥላል። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፣ መጽሐፍ ላይ «ይቀላል» ይላል እንጂ በእኛ ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ይችላል። ጠቆር ብሎ ወይም ወደ ሐምራዊ ሄዶ ነው የሚታየው። ስለዚህ «አልቀላም እኮ» ብሎ መተው አይሠራም።

እናቴ ለረጅም ጊዜ ደብቃኛለች። እኔ ወንድ ልጇ ነኝ፣ እህቴ ያለችው ዱባይ ነው። በእሷ ዘመን ያደገች እናት ለወንድ ልጇ «ጡቴ ስር ቆስሏል» ብላ አትናገርም። ነገሩ የታወቀው ማኅበሯን መቅረት ስትጀምር ነው። ቅዳሴም ላይ ከሴቶቹ ርቃ ጥግ መያዝ ጀመረች። «ሰው ይሸተዋል» ብላ ለጎረቤታችን ነገረቻቸው፣ እሳቸው ደግሞ ለእኔ።

ለካስ ከዚያ በፊት የሰፈር ልጅ እየላከች ቅባት ስታስገዛ ኖራለች። ባዶ ቱቦዎቹ ከትራሷ ስር ወጡ። ሲነበብ ሦስት መድኃኒት በአንድ ላይ ነው፤ አንዱ ለፈንገስ፣ አንዱ ለባክቴሪያ፣ ሦስተኛው ክሎቤታሶል የሚባል ስቴሮይድ። ክሎቤታሶል ከሚቀቡ ስቴሮይዶች ውስጥ እጅግ ጠንካራ ከሚባሉት ነው። የሸጠው ሰው የት ቦታ እንደሚቀባ አልጠየቀም፣ ዕድሜዋን አልጠየቀም፣ ስኳር አለባት ወይ አላለም። ልጁ «ለሚያሳክክ» አለ፣ ተሰጠው፣ ከፈለ፣ ወጣ። የፋርማሲውን ስም አልጠራም። የአንድ ፋርማሲ ነገር ቢሆን ኖሮ ለእናንተ አልጽፍም ነበር፣ ሄጄ እዚያው እጨቃጨቅ ነበር።

ይሄ ቅባት ለምን ተወዳጅ እንደሆነ ይገባኛል። ስቴሮይዱ ማሳከኩንና መቆጣቱን በጥቂት ቀን ጸጥ ያደርገዋል። ተሻለኝ ብላ ታቆማለች። ፈንገሱ ግን ሙሉ በሙሉ አልሞተም። እንዲያውም የቆዳዋ መከላከያ በስቴሮይዱ ስለተዳከመለት ይመቸዋል፣ ቅባቱ ሲቆም ብሶበት ይመለሳል። ትቀባለች፣ ይጠፋል፣ ይመለሳል። እጥፋት ላይ ደግሞ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ቦታው ተከድኖ ስለሚውል የተቀባው መድኃኒት ከሌላው ገላ ይልቅ ብዙ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ሲከርም ቆዳው ይሳሳል፣ ሸንተረር ያወጣል፣ በትንሽ ፍትጊያ ይቀደዳል። የእናቴ ብሽሽት እንዲህ ሆኖ ነው ሐኪም ጋ የደረሰው።

ሐኪም ጋ መድረሱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። አዲስ አበባ፣ አለርት ልውሰድሽ ስላት «ምን ሆኜ ነው አለርት የምትወስደኝ?» ብላ አኮረፈችኝ። በእሷ ዕድሜ ላሉ ሰዎች አለርት ማለት የሥጋ ደዌ ብቻ ነው። ሆስፒታሉ የተቋቋመው ለዚያ መሆኑ እውነት ነው፣ ዛሬ ግን ችፌውም ጭርቱም ሌላውም የቆዳ ሕመም የሚታይበት ቦታ ነው። ስሙን ፈርተው የሚቀሩ ብዙ አረጋውያን ሳይኖሩ አይቀሩም፣ ይሄንንም አንድ ቀን ጻፉበት። በኋላ እዚሁ ቅርባችን ያሉ የቆዳ ሐኪም ጋ ሄድን። ሴት መሆናቸው በጀን።

እሳቸው መጀመሪያ ያደረጉት ማየት ነው። ሁሉንም እጥፋት፣ አንድ በአንድ። ቆዳውን ትንሽ ፍቀው በማይክሮስኮፕ አስመረመሩ። ክፍሉን አጨልመው በልዩ መብራትም አዩት። ኤሪትራስማ የሚባል ባክቴሪያ የሚያመጣው ሽፍታ ካለ በዚያ መብራት ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀይ ሆኖ ያበራል፣ እሱ የሚታከመው በአንቲባዮቲክ ነው። ሶሪያሲስ የሚባለው ሌላ የቆዳ ሕመምም እጥፋት ውስጥ ተደብቆ ፈንገስ መስሎ ይቀመጣል። እንግዲህ ልጅ ተልኮ «ለሚያሳክክ» ሲል የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል?

ከዚያ ስኳር አስመረመሯት። በባዶ ሆድ ተለክቶ 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ተደግሞም ያው ከሆነ፣ የስኳር በሽታ ነው። የእናቴ አለፈ፣ ሲደገምም አለፈ። ስኳር እንዳለባት ያወቅነው በጡቷ ስር ሽፍታ ነው ብል ይቀላል። በደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ ካንዲዳ ይፋፋል፣ ሰውነትም ኢንፌክሽን የመመከት አቅሙ ይቀንሳል፤ ስኳሩ ሳይስተካከል የፈለገውን ያህል ቅባት ቢቀባ ተመልሶ ይመጣል። ወላጅ ያላችሁ ሰዎች፣ ሽፍታው አልለቅ ካለ ስኳር ሳታስመረምሩ ሌላ ቱቦ አትግዙ።

የታዘዘላት ቅባት ከስቴሮይዱ በጣም የረከሰ ነው፣ ተራ ክሎትሪማዞል። ጠዋትና ማታ፣ በስሱ። ወፍራም አድርጎ መለደፍ እርጥበቱን ያስቀራል እንጂ አያፋጥንም። ዋናው ደግሞ ሲጠፋ ቶሎ አለማቆም ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይታዘዛል፣ ያዘዘው ሐኪም በቃ እስኪል ይቀጥላል። ኒስታቲንም አለ፣ እሱ ግን ለካንዲዳ ብቻ ነው፣ ለጭርት አይረባም። የሚዋጠውን ፍሉኮናዞል «አንድ ፍሬ ዋጪና ገላግይው» እያሉ የሚመክሩ አሉ። ሽማግሌ ሰው የሚውጠው መድኃኒት ብዙ ነው። ፍሉኮናዞል ግሊቤንክላማይድ ከሚባለው የስኳር መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርድ ይችላል፣ ደም ለማቅጠን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ መድማት ሊያመጣ ይችላል። ያለ ሐኪም አይነካም።

አሁን ወደ ማድረቁ ልምጣ፣ ትልቁ ሥራ እሱ ስለሆነ። እኛ ቤት እንዲህ ነው የሚደረገው። በቀን አንዴ፣ ሙቀት ሲሆን ሁለቴ፣ ለብ ባለ ውሃና ሽታ በሌለው ለስላሳ ሳሙና ይታጠባል፣ ሳሙናው እጥፋቱ ውስጥ እንዳይቀር በደንብ ይለቀለቃል። መፈተግ የለም። ከዚያ ባረጀ ነጠላ ቁራጭ፣ ታውቃላችሁ ስንት ጊዜ ታጥቦ የለሰለሰውን፣ ጫን ጫን እየተደረገ ውሃው ይመጠጣል። ጡቱን ቀና አድርጎ፣ ሆዱን ከፍ አድርጎ፣ ሥሩ ድረስ። አሁንም አልደረቀም፣ የደረቀ ይመስላል እንጂ። ስለዚህ በጀርባዋ ትተኛና ቬንትሌተሩ ይከፈትላታል፣ እጥፋቱ አየር ያገኛል፣ እሷም ሬዲዮዋን ታዳምጣለች። መብራት ከሌለ ካርቶን አለ፣ ይራገባል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ቅባቱ የሚገባው። ቁስሉ ሲሽር ደግሞ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት፣ ለሕፃናት ቂጥ የሚቀባው ነጭ ቅባት፣ በስሱ ይደረጋል፤ ላቡ ቆዳውን እንዳይነካው ይጋርዳል። ናይለን የውስጥ ልብስ ተሰናብቷል፣ ጥጥ ብቻ። ቤት ስትውል ጡት መያዣ አታደርግም፣ ስትወጣ ግን ጡቷን ከሆዷ የሚያነሳላት፣ ሽቦ የሌለው የጥጥ ጡት መያዣ ታደርጋለች። ዳይፐር የሚጠቀሙ ወላጆች ያሏችሁ ደግሞ እንደረጠበ ቀይሩት፣ ተወደደ ብሎ ማቆየት በኋላ ለሕክምና ያስወጣል።

ማን ያጥባት የሚለው ጥያቄ ነበር። እኔ ልጠብሽ ስላት «ሞቼ ነው ያኔ!» አለችኝ። ስለዚህ ጎረቤታችን ያጥቧታል፣ እኔ ውሃውን አሞቃለሁ፣ ነጠላውን አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ፣ መድኃኒቱን እገዛለሁ። እግሯን ግን እኔ ነኝ፣ በጣቶቿ መሃል። ለዚያ ፈቅዳለች። ሠራተኛ ቀጥራችሁ የምታስታምሙም፣ ልጅቷን «እጠቢያት» ብሎ መተው አይበቃም፣ አሳዩዋት፣ ጓንት ስጧት፣ እናታችሁም በሯ ተዘግቶ እንድትታጠብ አድርጉ።

የቤት መድኃኒቱ ነገር ሌላ ጉድ ነው። ሎሚ ቀቡላት፣ ነጭ ሽንኩርት ውቀጡላት፣ በአልኮል ጥረጉላት፣ ቅቤ አድርጉላት፣ ያላለን ሰው የለም። በቀናነት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ነጭ ሽንኩርት የደህና ሰው ቆዳ ላይ ታስሮ ቢያድር ያቃጥላል፣ ቁስል ላይማ አስቡት። አልኮልና ሎሚ የተላጠ ቆዳ ላይ ግፍ ነው። ቅቤው እርጥበቱን ይቆልፋል። እህቴም ከዱባይ በሰው እጅ መዓዛ ያለው እርጥብ ዋይፕስ በካርቶን ላከች፣ ሽቶው ቆዳዋን አስቆጣው፣ አሁን ጠረጴዛ እንጠርግበታለን። ፓውደርም ቢሆን ላብ ሲያገኘው ተጓጉሎ እንደ አሸዋ ይፈትጋል።

ደግሞ የማይጠበቅበት ጊዜ አለ። ትኩሳት ከመጣ፣ ቆዳው ግሎ አብጦ ከቀን ወደ ቀን ከሰፋ፣ መግል ከያዘ፣ ወይም ሕመሙ ድንገት ከበረታ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ነው፣ በተለይ ስኳር ያለበት ሰው። አንድ ወገን ብቻ ሆኖ፣ በትክክል እየታከመም ወራት ሙሉ የማይሽር ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ ናሙና ወስዶ እንዲመረምረው ጠይቁ። አልፎ አልፎ ሽፍታ የሚመስል ካንሰር አለ።

ከእናንተ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አንድ የቆዳ ሐኪም ጠይቃችሁ ስለ እነዚህ ሦስት በአንድ የሆኑ ቅባቶች ጻፉልን፣ የስቴሮይዶቹን ስም በአማርኛ ፊደል ዘርዝራችሁ፣ ቱቦ ላይ አይተን እንድናውቃቸው። ክሎቤታሶልን ነግሬያችኋለሁ፣ ቤታሜታሶንም አለ፣ ሌሎቹን እሳቸው ይጨምሩ። ለወራት ሲቀባ የኖረ ሰውስ በአንዴ ያቁም ወይስ ቀስ በቀስ፣ እሱንም ያስረዱን። ሁለተኛው ለፋርማሲ ባለሙያዎች ነው። ጋዜጣችሁን እንደሚያነቡ አውቃለሁ፣ አንዳንዶቹ ጠረጴዛ ላይ አይቼዋለሁ። የሚያሳክክ ቅባት ፈልጎ የመጣውን ሰው «የት ቦታ ላይ ነው? ለማን ነው?» በሉት። ልጅ ተልኮ ከመጣ ደግሞ ስቴሮይድ ያለበትን አትስጡት፣ ትልቅ ሰው ይምጣ በሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ