ለእማዬ፣ ከስግድ በዓላችን በኋላ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? በስልክ «ደህና ነኝ» ብለሽ ስለምትዘጊው ነው የምጽፍልሽ። በመሠረተ ትምህርት የቆጠርሽው ፊደል ዛሬ ይጥቀመን። መነጽርሽን አድርጊና ቀስ ብለሽ አንብቢው። ለጎረቤት አታስነብቢ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ ለሰንበት ከጦሩ ወጥቶ እንቅልፉን ሲለጥጥ ዋለ። ትንሿ ሆቴሉ ውስጥ የተነሳሽውን ፎቶ ያላሳየችው ሰው የለም። በነጭ ቀሚስሽ እዚያ ትልቅ አዳራሽ ተቀምጠሽ ስታይሽ «አያቴ ንግሥት ትመስላለች» አለች።

መታወቂያሽ ላይ ያለው ጃንዋሪ 1 የጸሐፊዎቹ ልደት እንጂ ያንቺ አይደለም። አንቺ የተወለድሽው በስግድ ሰሞን ከሆነ፣ 70ኛው ከስግድ መልስ ኪንግ ዴቪድ ሆቴል ይከበር አልኩ። ሂሳቡን ደግመሽ አትጠይቂኝ።

በሩ ላይ ስንደርስ ግን «ደግሞ ሆቴል?» አልሽና ፊትሽ ጠቆረ። ወለሉ ላይ የታላላቅ እንግዶች ፊርማ አለ፤ እንዳትረግጪው ዳር ዳሩን ሄድሽ። ጣሊያን አገራችንን ሲይዝ፣ በ1928፣ ጃንሆይ ተሰደው ኢየሩሳሌም ሲገቡ ያረፉት እዚህ ነው አልኩሽ። ስንት ዓመት ቆይተው ተመለሱ ብለሽ ጠየቅሽኝ። አምስት። «እሳቸውስ ተመለሱ» አልሽ። በቃ፣ ሌላ አልተናገርሽም። የደቡቡ ክንፍ በፈረንጆቹ 1946 በቦምብ ፈርሶ 91 ሰው መሞቱን ሆን ብዬ ዘለልኩት። እንቅልፍ ይነሳሻል ብዬ።

እራት ላይ ሳቅሽ፣ ተመስገን። ያ ቱሪስት ሥጋውን በልቶ ሲያበቃ ቡና በወተት አዝዞ አስተናጋጁ ከሥጋ በኋላ ወተት አይሆንም ሲለው፣ «ለካ ፈረንጅም ይከለከላል!» አልሽ። ሹካና ቢላዋውን ገፋ አድርገሽ ዳቦውን በእጅሽ ቆረስሽና አጎረስሽኝ። አጠገባችን ያሉት አዩን። ይዩን።

ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ አልጋውን ወጥረሽ አንጥፈሻል፤ የትራሱን ጫፍ እንኳ በመዳፍሽ እየደቆስሽ ነበር። «ለምታጸዳው ልጅ ብዬ ነው» አልሽ። ጡረታ እስክትወጪ የሰው አልጋ ስታነጥፊ ኖረሽ አንድ ቀን የሚነጠፍልሽ መስሎኝ ነበር። ከቁርሱም ሁለት ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በነጠላሽ ጫፍ ቋጠርሽ። ያኔም እንዲሁ ነበርሽ። በ1983 ግንቦት ከ14 ሺህ የሚበልጥ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ወደ እስራኤል ሲመጣ፣ እኛን ያስገቡን ባሕሩ ዳርቻ ያለ ሆቴል ነበር። ዳቦውን ትራስ ሥር ትደብቂ ነበር።

አሳልፈሽ የሰጠሽኝም እዚያው ነው። ቃሉ ከከበደሽ ይክበድሽ፤ ሌላ የለኝም። ሴትዮዋ ወረቀት ይዛ መጣች፣ አባባ ፈረመ፣ አንቺ ፀጉሬን ሹሩባ ሠራሽኝ። በማግስቱ ፕኒሚያ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ገባሁ። የሁሉም ልጆች ሄደዋል፣ ምን ምርጫ ነበራችሁ? እሱን አውቃለሁ። የማይወጣልኝ ሌላ ነው። ለበዓል ስመጣ ለእንግዳ የሚወጣውን ስኒ አወጣሽልኝ። ባዳ ሆኜ ቁጭ አልኩ። እስከ ዛሬ «ናፍቀሽኝ ነበር» አላልሽኝም።

እንግዲህ የኪንግ ዴቪዱን ሌሊት አታስታውሺው ይሆናል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅቼ ሳይ ጫማሽን አድርገሽ በሩ ጋ ቆመሻል። «አባትሽ ከምዝገባው አልተመለሰም?» አልሽኝ። አባባን አብረን ቀብረነዋል፣ እማዬ። ከዚያ ፊቴን ትኩር ብለሽ አየሽና «ልጅቷስ? ወሰዷት?» አልሽ። ምን እላለሁ? «ትመጣለች» አልኩሽ። እጄን ይዘሽ ተኛሽ።

ለወንድሜ አልነገርኩትም። ሐኪም ጋ ግን ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ማክሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት። ለጉልበትሽ ብቻ አይደለም። እስከዚያ ማታ ማታ የጋዙን ማጥፊያ ሁለቴ እዪው። ደግሞ ብቻሽን ገበያ አትውጪ፣ እባክሽ። መድኃኒቶችሽን ከነካርቶናቸው በአንድ ፌስታል አድርጊያቸው። አንድ ሰዓት ላይ መኪና ይዤ በርሽ ላይ ነኝ። «ምንም አላመመኝም» የሚለውን ለሐኪሙ ንገሪው፣ ለእኔ አይደለም።

ልጅሽ