የታሪክና ቅርስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ምን ተገኘ? ምን ተገመተ?

የክበባት ዘገባ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የስብሰባ ብዛትና የአባላት ቁጥር ነው። እሱን ለጽሕፈት ቤቱ አስገብቻለሁ። እዚህ የምጽፈው ዓመቱን ሙሉ ክበባችንን ስላነጋገረው ጉዳይ ነው። ወላጆችም "ለመሆኑ ጃፓን ድረስ ሄዳችሁ ምን አያችሁ?" እያላችሁ በር ላይ ስታስቆሙኝ ስለከረማችሁ፣ መልሱ ይኸውላችሁ።

ነገሩ የተጀመረው በኅዳር፣ መልካ ቁንጡሬ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዋሽ ዳር ያለው ይህ ሥፍራ የባልጩት ድንጋይ ከሚገኝበት፣ ባልጩት ከተባለው ሥፍራ ጋር በ2024 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ልጆቹ እዚያ ያዩትን ጽፈው፣ በሰሜን ጃፓን ላለ የተማሪዎች የታሪክ ክበብ በኢንተርኔት ላኩ። እነሱ ደግሞ ከከተማቸው ዳር ስላለ ጥንታዊ ሰፈር ጽፈው መለሱልን። መጻጻፉ እየሞቀ ሲሄድ ግብዣ መጣ። የአውሮፕላኑን ወላጆች ቻሉ፣ ማረፊያውን የጃፓን ተማሪዎች ቤተሰቦች ቻሉ። የቪዛው ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ እዘለዋለሁ።

የሄድነው በልደታ ሰሞን ነው። ቀኑን የመረጥነው አስበንበት ነው። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕም ዓርብም ጾም የለም። የወላጆች ትልቁ ጭንቀት ቪዛም ብርድም አልነበረም፤ "ልጄ እዚያ ምን ይበላል?" ነበር። ከልጆቹ መሃል ሙስሊሞችም ነበሩ፣ የአሳማ ሥጋው ነገር ደግሞ ለሁላችንም ያው ነው። አስተናጋጆቻችን አስቀድመው ጠይቀው፣ ጽፈው፣ ደግመው አረጋግጠው ነበር የጠበቁን። እንደዚህ ያለ ጥንቃቄ አይቼ አላውቅም።

ከቶኪዮ በአኦሞሪ ከተማ እስካለው ሺን አኦሞሪ ጣቢያ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሺንካንሰን የሚባለው ፈጣን ባቡር ከሦስት ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ አደረሰን። ከዚያ በአውቶቡስ ትንሽ እንደተጓዙ ያ የጻፉልን ጥንታዊ ሰፈር፣ ሳናይ ማሩያማ ነው።

ሥፍራው የታወቀበት ምክንያት ያስቃል። በ1992 እ.ኤ.አ. የአካባቢው አስተዳደር የቤዝቦል ስታዲየም ሊሠራ ተነሣ። ከግንባታው በፊት ቁፋሮ ሲካሄድ መሬቱ አላልቅ አለ፤ ቤት በቤት ላይ፣ ሸክላ በሸክላ ላይ። በ1994 እ.ኤ.አ. ስድስት ግዙፍ የምሰሶ ጉድጓዶች ተገኙ። ያኔ ስታዲየሙ ቀረ። ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው እንግዲህ የቆመው። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሰሜን ጃፓን ውስጥ ካሉ ሌሎች የጆሞን ዘመን (ጃፓን ውስጥ እርሻ ከመስፋፋቱ በፊት የነበረው ረጅም ዘመን) ሥፍራዎች ጋር፣ በአጠቃላይ 17 ሆነው፣ በዩኔስኮ ተመዘገቡ።

ሰዎች እዚያ የኖሩት ከዛሬ 5,900 ዓመት ገደማ ጀምሮ እስከ 4,200 ዓመት በፊት ነው። ትልቁ የጊዛ ፒራሚድ ሲሠራ ይህ ሰፈር ከሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ነበረው። ልጆቻችንን ያስገረማቸው ግን ዕድሜው አይደለም። አንዷ የ9ኛ ክፍል ተማሪ "ሩዙን የት ነበር የሚዘሩት?" ብላ ጠየቀች። ሩዝ የለም። ሩዝ ወደ ጃፓን የገባው ብዙ ቆይቶ ነው። እነዚህ ሰዎች እያደኑ፣ ዓሣ እያጠመዱና ፍሬ እየለቀሙ ነው አንድ ቦታ ረግተው የኖሩት። ክፍል ውስጥ "መጀመሪያ እርሻ፣ ከዚያ መንደር" እያልን የምናስተምረው ቅደም ተከተል እዚህ ጋ አይሠራም። ብቻ ዝም ብለው ለቃሚዎች ናቸው ማለትም አይቻልም። ጃፓኖች ኩሪ የሚሉትን፣ ፍሬው የሚበላ ቼስትነት የተባለ ዛፍ እየተንከባከቡ ያሳድጉት እንደነበር የፍሬው ዲኤንኤ ያመለክታል።

ያስጎበኙን ጡረታ የወጡ በጎ ፈቃደኛ ሽማግሌ ናቸው። ልጆቹ ወዲያው "አባባ" ብለው ለመዷቸው፤ እሳቸውም ቃሉን ወደዱት። እኒህ ሰው አንድ ልማድ አላቸው። እያንዳንዱ ነገር ጋ ሲደርሱ ይቆሙና በመጀመሪያ መሬቱን፣ ቀጥሎ ቤቱን ያሳያሉ። መሬቱ "የተገኘ" ነው። ቤቱ "የተገመተ" ነው።

ይህ በደንብ የገባን ስድስቱ ምሰሶዎች ጋ ስንቆም ነው። አሁን የቆመው ማማ ቁመቱ 14.7 ሜትር ነው፣ ሦስት ወለል አለው፣ ጣሪያ የለውም። ከሥሩ ቆሞ ላየው አንገት ያደክማል። አጠገቡ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ጉድጓዶች ክብ ጣሪያ ተደርጎላቸው ይታያሉ። ስድስት ናቸው፤ የእያንዳንዱ ወርድም ጥልቀትም 2 ሜትር ያህል ነው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ሁሉም ጋ 4.2 ሜትር ነው። ውስጣቸው የከርሰ ምድር ውኃ ከመበስበስ ያዳነው የቼስትነት ግንድ ተገኝቷል፣ ውፍረቱ 1 ሜትር ገደማ። ግንዱ እንዳይበሰብስ ላዩ በእሳት ተለብልቧል። አንዱ ልጅ "ቲቸር፣ አያቴ የአጥሩን እንጨት እንዲህ ነው የሚያደርጉት" አለኝ። አባባ ይህን ሲተረጎምላቸው ደስታቸው ሌላ ነበር።

የተገኘው ይኸው ነው፤ ጉድጓድ፣ የግንድ ቁራጭ፣ የታመቀ አፈር። ሦስቱ ወለልና ቁመቱ ግምት ነው። ጣሪያ ነበረው የሚሉ አሉ፣ አልነበረውም የሚሉም አሉ። አሁን የምናየው ጣሪያ አልባ ማማ በሁለቱ መሃል የተደረገ ስምምነት ነው። ምሰሶዎቹም ጃፓን ውስጥ ያን የሚያህል የቼስትነት ዛፍ ስላልተገኘ ከሩሲያ፣ ከሶቺ አካባቢ የመጡ ናቸው። ይህን የሚደብቅ ሰው የለም። እኔ በበኩሌ ከማማው ይልቅ ይህ ግልጽነት ነው የማረከኝ። ብዙ ሙዚየም አይቻለሁ፤ ግምቱን ግምት ነው ብሎ የሚያሳየኝ ግን ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ ልጆቹ ደብተራቸውን መሃል ለመሃል በመስመር ከፈሉት። በአንዱ በኩል "ተገኘ"፣ በሌላው በኩል "ተገመተ"። 32 ሜትር የሚረዝመው ትልቁ ቤት ውስጥ ገብተው ወለሉ፣ የምሰሶ ጉድጓዶቹ በግራ፤ ሳር ክዳኑ በቀኝ። መሰብሰቢያ ነው ወይስ ክረምት የሚያሳልፉበት የጋራ ቤት የሚለውም በቀኝ። ከቦታው ከ2,000 በላይ የሸክላ ምስሎች ተገኝተዋል፤ ለምን እንደተሠሩ ግን በቀኝ። ከሰሜኑ ደሴት ከሆካይዶ የመጣ የባልጩት ድንጋይ ሲያዩ እነዚያ መልካ ቁንጡሬ የነበሩት ልጆች እንደ አዋቂ ተሯሩጠው ከበቡት። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ኢቶይጋዋ ከተባለ ቦታ የመጣ ጄድ የሚሉት አረንጓዴ የጌጥ ድንጋይም አለ። እኔን ያቆመኝ ግን ከዛፍ ልጥ የተሠራች ትንሽ ቦርሳ ናት። ስትገኝ ውስጧ የዋልነት ቅርፊት ነበረባት። አንድ ሰው ለመንገዱ ይዞ ወጥቶ መሆን አለበት። (ይሄም በቀኝ!)

አሁን ወደ ምግቡ። ክበቡ የታሪክ ቢሆንም ከተመለስን በኋላ ልጆቹ ሲያወሩ የሰማችሁት ስለ ምግብ መሆኑን አውቃለሁ።

አኦሞሪ ጣቢያ አጠገብ ፉሩካዋ የሚባል የዓሣ ገበያ አለ። ቲኬት ትገዛላችሁ፣ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሩዝ ይሰጣችኋል፣ ከዚያ ከመደብር መደብር እየዞራችሁ በቲኬቱ የፈለጋችሁትን ዓሣ ሩዙ ላይ ታስደርጋላችሁ። ኖኬዶን ይባላል። አብዛኛው ጥሬ ነው። አንዳንዶቹ ፊታቸውን አጨማደዱ። "ቁርጥ ቤት ስትገቡ እንዲህ ትሆናላችሁ?" አልኳቸው። የቱናውን ቁራጭ መጀመሪያ የቀመሰው በጣም ይፈራ የነበረው ልጅ ነው፣ ቲኬቱንም መጀመሪያ የጨረሰው እሱ ነው። የጎደለው ሚጥሚጣ ብቻ ነው ብሏል።

ሆታቴ የሚሉት ከሙትሱ ባሕረ ሰላጤ የሚወጣ ትልቅ ዛጎል ውስጥ የሚኖር ፍጥረት አለ። አንዲት የቤት እመቤት ምግብ ያበሰሉልን በዚሁ ዛጎል ላይ ነው፤ ድስት የለም። የእጅ መዳፍ የሚያህለውን ዛጎል ምድጃው ላይ አስቀምጠው፣ የዓሣ መረቅና ሚሶ (ከተብላላ አኩሪ አተር የሚሠራ ሊጥ መሰል ማጣፈጫ) አፍልተው፣ ሥጋውን ከትፈው ጨመሩ። መጨረሻ ላይ የተመታ እንቁላል አፈሰሱበት። ጠርዙ ላይ ሲንተከተክና ቡናማ ሲሆን ነው የሚነሣው። ካይያኪ ሚሶ ይባላል። እንቁላል ውድ በነበረበት ዘመን ለታመመ ሰውና ለአራስ የሚሠራ ነበር አሉን።

ሰንቤይጂሩ ደግሞ የሃቺኖሄ ከተማ ምግብ ነው። ከስንዴ የተጋገረ ደረቅ ቂጣ የዶሮና የአትክልት መረቅ ውስጥ ተሰባብሮ ይገባል። የኛ ፍትፍት በሉት። ሁሉም ደግመው ያስጨመሩት እሱን ነው። ዝንጅብል የበዛበት ሚሶ የሚደረግበት፣ ኦደን የሚባል መረቅ ውስጥ የሚበስል ቅልቅል ምግብም በልተናል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ሆካይዶ የሚሻገር መርከብ በብርድ ለሚጠብቁ መንገደኞች የተጀመረ ነው። ያን ቀን ዝናብና ነፋስ ስለነበር መንገደኞቹን በደንብ ተረድተናቸዋል።

ስለ ጾማችን ስናወራ የሰሙ አንዲት አያት ደግሞ "እንግዲያው የኛንም ቅመሱ" ብለው ኬኖሺሩ ሠሩልን። ሥራ ሥሩ፣ የዱር ቅጠሉ፣ ባቄላው፣ የአኩሪ አተር አይቡ በጥቃቅኑ ተከትፎ የሚቀቀል ሾርባ ነው፤ ሥጋ የለበትም፣ መረቁም ከባሕር አረም ነው። ወጉ በጥር አጋማሽ ነው። እሳቸው ግን ለእንግዳ ሲሉ በግንቦት ሠሩት።

ፖም ለመልቀም ወቅቱ አልነበረም፤ አበባው ላይ ደረስን። ጃፓን ውስጥ ከሚመረተው ፖም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከዚህ ክልል ነው። ያለፈውን መኸር ፖም አየሩ በተመጠነ መጋዘን አቆይተው ዓመቱን ሙሉ ይሸጡታል። የበላነው ገና ከዛፍ የወረደ ነው የሚመስለው።

ተመልሰን በሰኔ ዐውደ ርእይ አዘጋጀን። ልጆቹ የስድስቱን ምሰሶ ሞዴል ከባሕር ዛፍ ሠሩ። ደንቡ አንድ ነው፤ የተገኘው ቀይ ይቀባል፣ የተገመተው ሳይቀባ ይቀራል። ሞዴሉ ሲያልቅ ቀይ የሆነው ከመሬት በታች ያለው ጫፍ ብቻ ነው። ጎብኚዎች "ቀለም አለቀባችሁ እንዴ?" እያሉ ሲጠይቁ፣ ልጆቹ ከየት እንደሚጀምሩ ያውቁ ነበር። ጣሪያው ይኑር አይኑር በሚለው ግን እስከ መጨረሻው አልተስማሙም። ስለዚህ ሞዴሉ ተነቃይ ጣሪያ አለው፤ የ11ኛ ክፍሎች ይከድኑታል፣ የ10ኛ ክፍሎች ያነሡታል።

የአስተናጋጆቻችንን ልጆች በሚቀጥለው ዓመት ለመቀበል ሐሳብ አለን። ወላጆች፣ ማረፊያ መስጠት የምትችሉ ስማችሁን ከአሁኑ አስመዝግቡ። ጢያ ልንወስዳቸው አስበናል፤ ከዚያ በፊት ግን አባላቱ ስለ ጢያ ትክል ድንጋዮች ያንኑ ባለ ሁለት ዓምድ ደብተር ሞልተው መጠበቅ አለባቸው። ምዝገባው መስከረም ላይ ነው። አዲስ አባላት ደብተርና የወላጅ ፈቃድ ይዛችሁ ኑ።