ለአባባ፣ ሐኪሙ ስላዘዙልዎ እንቅስቃሴ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ስኳርዎና ደም ግፊትዎ ከፍ ማለታቸውን፣ ሐኪሙም ከመድኃኒቱ ጋር «ስፖርት ይሥሩ» እንዳሉዎ እህቴ ነገረችኝ። እንዴትና ምን ያህል የሚለው ግን አልተዘረዘረልዎትም አለች። ሥራዬ ይኸው ስለሆነ፣ በስልክ ሲነገር ይረሳል ብዬ ጻፍኩልዎ።

ጡንቻ ሲሠራ ኢንሱሊንን (ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት ክፍሎች የሚያስገባውን ንጥረ ነገር) ሳይጠብቅ ስኳርን ከደም ይስባል። የእግር ጉዞው ካበቃ በኋላም ጡንቻው ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ለአንድ ለሁለት ቀን ተሻሽሎ ይቆይና ይደክማል። ስለዚህ በአንድ ቀን ብዙ ሰዓት ተጉዞ ሳምንቱን መቀመጥ ለስኳር እምብዛም አይበጅም። አደራዎን፣ ሁለት ቀን በተከታታይ ሳይንቀሳቀሱ አይለፍብዎ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመከራል። ትንሹ በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። ከከበደዎ ከየምግቡ በኋላ 10 ደቂቃ ይሂዱ፤ ስኳር ከፍ የሚለው ያኔ ስለሆነ እንዲያውም ይሻላል። ፍጥነቱን በንግግር ይለኩት፤ ማውራት እየቻሉ መዝፈን ካቃተዎ ልክ ነው። ሁለት ሦስት ቃል ተናግረው ትንፋሽ ካጠረዎ ቀነስ ያድርጉ። እማዬ አብራዎት ከወጣች መለኪያው እሷው ናት።

30 ደቂቃውን በአንዴ ከሄዱ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አምስት ደቂቃ ዝግ ብለው ይሂዱ። ፈጥነው ሲሄዱ ቆይተው ድንገት ቀጥ ካሉ ደም እግር ላይ ይቀርና ራስ ያዞራል፤ የግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ደግሞ ይብሳል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የጡንቻ ማጠንከሪያውን ነው፤ እኔ ግን ከጉዞው አላሳንሰውም። ሰውን ከወንበር የሚያነሣውም ከመውደቅ የሚያድነውም የጭን ጡንቻ ነው። ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፈው ጫፉ ላይ ይቀመጡ። እግርዎን በትከሻዎ ስፋት ልክ ከፍተው ተረከዝዎን ከጉልበትዎ ትንሽ ወደ ኋላ ይሳቡ። ደረትዎን ወደ ፊት አዘንብለው፣ በእጅዎ ሳይገፉ ይነሡ። ሲቀመጡ ዘጭ አይበሉ፤ በልብዎ እስከ ሦስት እየቆጠሩ ይውረዱ። ጉልበትዎ ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ፣ ያን ጊዜ ነው ሕመም የሚመጣው። ሲነሡ ትንፋሽዎን ያስወጡ፤ አፍኖ መነሣት ግፊትን በአንዴ ሽቅብ ይሰደዋል። 8 ጊዜ አድርገው አረፍ ይበሉና ሌላ 8 ይድገሙ። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል፣ ቀናቱ ግን አይከታተሉ። ሲቀልዎ ወደ 12 ከፍ ያድርጉት።

ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው የሚዛን ልምምድም በሳምንት ሦስት ቀን ይታዘዛል። ጠረጴዛ ዳር ቆመው፣ እጅዎን አስጠግተው፣ በአንድ እግር 10 ሰከንድ፣ ከዚያ በሌላው።

አሁን ጥንቃቄውን ልንገርዎ። የሚወስዱት የስኳር መድኃኒት ሜትፎርሚን የሚባለው ክኒን ብቻ ከሆነ ስኳር አላግባብ የሚወርደው ከስንት አንዴ ነው። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለው የስኳር ክኒን ካለበት ግን ከመውጣትዎ በፊት ስኳርዎን ይለኩ፤ ከ90 በታች ከሆነ ቀምሰው ይውጡ። ላብ ካጠመቀዎ፣ እጅዎ ከተንቀጠቀጠ ወይም ልብዎ ከደለቀ፣ ስኳርዎ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። ከእንቅስቃሴ በኋላ ሌሊትም ሊወርድ ስለሚችል ከአልጋዎ አጠገብ ስኳር ይኑር። ጫማ ከማድረግዎ በፊት ውስጡን በእጅዎ ይዳስሱ፤ ሲመለሱም የእግርዎን መዳፍና የጣቶችዎን መሐል ይዩ። ስኳር የእግርን ስሜት ስለሚያደነዝዝ ጠጠር ሲያቆስል ላይታወቅ ይችላል። ደረትዎን ከጨመደደዎ ወይም ሕመሙ ወደ ክንድና መንጋጋ ከሄደ፣ ያልፋል ብለው አይጠብቁ፤ ወዲያው ሐኪም ቤት ይሂዱ።

በጥቂት ወራት የላይኛው የግፊት ቁጥር ከ5 እስከ 8 ሊቀንስ ይችላል። ቢቀንስም መድኃኒቱን ሐኪሙ ሳያውቁ እንዳያቆሙ። እህቴ ጠዋት ጠዋት፣ አምስት ደቂቃ ከተቀመጡ በኋላ፣ ከጉዞው በፊት ግፊትዎን ትለካዎና በደብተር ትጻፈው። የመድኃኒቶቹን ስም ከነመጠናቸው ፎቶ አንስታ ትላክልኝ።

አክባሪ ልጅዎ