እንደተነቃበት ለአጭበርባሪው መንገር ለምን ያስፈልጋል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ክቡር አዘጋጅ፣

በኦንላይን የመኪና ሽያጭ ስም ቀብድ ሊበላው ያሰበን አጭበርባሪ መልሶ ስላሞኘ አንድ ገዢ በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ እየሳቅኩ ነው ያነበብኩት። «አሁን ላክሁልህ»፣ «ባንኩ ተዘግቶ አገኘሁት»፣ «ስምህን አሳስቼ ጽፌው ተመለሰብኝ» እያለ ሰውየውን ሲያመላልሰው ሰንብቶ፣ በመጨረሻ «ከመጀመሪያው ጀምሮ ሌባ መሆንህን አውቅ ነበር» ብሎ ማሰናበቱ ለጨዋታ የሚመች ታሪክ መሆኑን አልክድም። ቅሬታዬ ጽሑፉ ያንን የስንብት ቃል የድሉ ማሳረጊያ አድርጎ ማቅረቡ ላይ ነው። በእኔ እምነት ገዢው እስከዚያች ቅጽበት ድረስ የደከመበትን ሥራ ያበላሸው በዚያችው ቃል ነው።

አጭበርባሪን ማድከም ከንቱ ልፋት ነው ከሚሉት ወገን አይደለሁም። የማይክሮሶፍት ተመራማሪው ኮርማክ ሄርሊ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ፣ የማጭበርበሪያ ኢሜይሎች ማንም ሊነቃባቸው የሚችል የተጋነነ ታሪክ ይዘው የሚመጡት ጸሐፊዎቻቸው ሞኞች ስለሆኑ እንዳልሆነ አስረድቷል። ኢሜይሉን ለብዙ ሺህ ሰው መበተን ወጪ የለውም ማለት ይቻላል፤ አድካሚው መልስ ከሰጡት ጋር እየተጻጻፉ እስከ ክፍያ ማድረሱ ነው። ስለዚህ ጠርጣራው ሰው ገና በመጀመሪያው መስመር ጥሎ ቢሄድ ለአጭበርባሪው ግልግል ነው፤ የሚቀርለት የሚያምነው ብቻ ይሆናልና። ከዚህ ተነስተን፣ መልስ እየሰጠ የማይከፍል ሰው በበዛ ቁጥር ሥራው አያዋጣውም ብንል ስህተት አይሆንም።

በመኪና ሽያጭ ላይ ግን የዚህ ወንፊት ቀዳዳ ሰፊ ነው። ታሪኩ በየማስታወቂያው ተመሳሳይ ነው፤ ባለቤቱ በድንገት ለግዳጅ ወደ ሌላ አገር የተላከ ወታደር ነው፣ አለዚያም ባሏ ሞቶባት መኪናውን ባየች ቁጥር የምታለቅስ ሴት ናት፤ መኪናው ደግሞ ሁልጊዜ ሄዶ ማየት በማይቻልበት መጋዘን ወይም ኮንቴይነር ውስጥ ነው። ለታሪኩ ብቻ ቢሆን ብዙ ሰው አያምነውም ነበር። ከገበያው በእጅጉ የወረደው ዋጋ ግን በሌላው ጉዳይ ሁሉ ጠንቃቃ የሆነውን ሰው ሳይቀር «እስቲ ምናልባት» ያሰኘዋል። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2010 ባለው ጊዜ በኦንላይን የተሽከርካሪ ሽያጭ ማጭበርበር ወደ 14,000 የሚጠጉ አቤቱታዎች እንደቀረቡና ተጎጂዎቹ ወደ 44.5 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ እንዳጡ አስታውቆ ነበር። ገንዘባቸውን ያጡት ሁሉ የዋሆች ነበሩ ብሎ መደምደም ይከብደኛል።

የጊዜውም ሒሳብ ቢሆን እንደሚታሰበው ለእኛ አያደላም። አጭበርባሪው የሚልካቸው መልሶች አስቀድመው የተዘጋጁና እየገለበጠ የሚለጥፋቸው ሲሆኑ፣ የእኛ ቀልደኛ ገዢ ግን እያንዳንዷን መልስ አስቦ ነው የሚጽፋት። ያኛው በአንድ ጊዜ ከብዙ ሰዎች ጋር ስለሚጻጻፍ አንዱ ቢያዘገየው በሌላው ያካክሰዋል። የገዢው ሙሉ ምሽት በአጭበርባሪው ላይ የሚያደርሰው ኪሳራ ከጥቂት ደቂቃዎች ላይበልጥ ይችላል።

እንግዲህ አጭበርባሪው በቀላሉ ሊተካው የማይችለው ምንድን ነው? ስልክ ቁጥር በርካሽ ይገኛል፣ ኢሜይል በነጻ ይከፈታል፣ ፎቶዎቹም ከእውነተኛ ሻጮች ማስታወቂያ የተሰረቁ ናቸው። የባንክ ሂሳብ ግን መታወቂያ ይጠይቃል። በራሱ ስም ቢከፍተው ዱካው ስለሚገኝ፣ ሂሳቡን የሚያውሰው ሌላ ሰው መፈለግ፣ ማሳመን ወይም ማታለል ይኖርበታል፤ ብዙ ጊዜም ይህ ሰው «ከቤትዎ ሳይወጡ ክፍያ በማስተላለፍ ገቢ ያግኙ» በሚል የሥራ ማስታወቂያ የተመለመለ ነው። ሂሳቡ ከታገደ ለሱ ሊከፍሉ የተዘጋጁት ገዢዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ያመልጡታል፣ ገብቶ ያልወጣ ገንዘብ ካለም እዚያው ይቀራል። አጭበርባሪን ልክ ማስገባት የሚባል ነገር ካለ እዚህ ላይ ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ያገለገለ መኪና ሲፈልግ ያደረገውን ልጥቀስ። ዋጋው ስላጠራጠረው በመጀመሪያ የጠየቀው የሻሲ ቁጥሩን ነበር፤ መልሱም ከወትሮው ዘግይቶ መጣ። የዘመኑ መኪኖች የሻሲ ቁጥር 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት ሲሆን፣ ከአንድና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ ሲባል አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም። የተላከው 16 ብቻ ነበር፤ በመካከሉም ኦ ቁጭ ብላለች። ባልደረባዬ ቁጥሩ የውሸት መሆኑን አልተናገረም። «አንድ ፊደል የዘለሉ መሰለኝ፤ ከፊት መስታወቱ ሥር የሚታየውን ቁጥር በቪዲዮ ጥሪ ቢያሳዩኝ» ብሎ በትሕትና ጻፈ። ካሜራው ተበላሽቷል ተባለ። ብዙም ሳይቆይ «ለሁለታችንም ዋስትና እንዲሆን» ገንዘቡን በአደራ ይይዛል ከተባለ ድርጅት ኢሜይል ደረሰው፤ ዓርማው የታወቀ ድርጅት ዓርማ ሲሆን፣ የድረ ገጹ አድራሻ ግን ከእውነተኛው በአንዲት ፊደል ይለያል።

ጨዋታውን ለማድመቅ የሚፈልግ ሰው እዚህ ላይ መቀለድ ይጀምር ነበር። እሱ ግን ባንኩ ያለ ተቀባዩ ሙሉ ስም፣ ያለ ሂሳብ ቁጥርና ያለ ባንኩ ስም እንደማያስተናግደው ገልጾ መረጃውን ጠየቀ። ድርጅት ነኝ ያለው ወገን የአንድ ግለሰብ ስም ላከ፤ ግለሰቡ የድርጅቱ ገንዘብ ያዥ ናቸው የሚል ማብራሪያም አከለበት። ባልደረባዬ ማስታወቂያውን፣ መልእክቶቹንና የሂሳብ ቁጥሩን ስክሪንሾት አንስቶ ካስቀመጠ በኋላ፣ በመጀመሪያ ለተቀባዩ ባንክ የማጭበርበር ጥቆማ ክፍል፣ ቀጥሎ ለፖሊስ፣ በመጨረሻም ማስታወቂያው ለወጣበት ድረ ገጽ አሳወቀ። ለሻጩ ነገ ባንክ እንደሚሄድ ጽፎለት ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ባንኩ ጥቆማውን ተቀብሎ ከማመስገን በቀር ሂሳቡን ምን እንዳደረገው አልነገረውም፤ የደንበኛ ምስጢር ስለሆነ ሊነግረውም አይችልም። ታሪኩ የሚያስቅ መጨረሻ ስለሌለው ጋዜጣ ላይ የሚወጣ አይመስለኝም።

እንደተነቃበት የተነገረው አጭበርባሪ ግን ምን ያደርጋል? ማስታወቂያውን ያነሳል፤ ሂሳቡ ውስጥ ያለውን ገንዘብ ያሸሻል፤ ከዚያም ሂሳቡን ይጥለዋል። ጥቆማው ከዚህ በኋላ ባንክ ቢደርስ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ከዚህም የሚብሰው መማሩ ነው። በሻሲ ቁጥሩ እንደተያዘ ከተነገረው፣ ቀጥሎ ለሚመጣው ገዢ ከእውነተኛ ማስታወቂያ የገለበጠውን ትክክለኛ ቁጥር ይልክለታል፤ በፎቶው መያዙን ከሰማም ሌላ ፎቶ ይፈልጋል። ቀልደኛው ገዢ ሳያውቀው ነጻ አስተማሪ ሆኖለታል ማለት ነው።

ባንኮች እንዲህ ያለውን ጥቆማ ከቁም ነገር አይቆጥሩትም የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ስጋቱ መሠረት የለውም አልልም። ይሁንና አሠራሩ በአንዳንድ አገሮች እየተለወጠ ነው። በዩናይትድ ኪንግደም እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 7 ቀን 2024 ጀምሮ፣ ተታሎ በአገር ውስጥ ገንዘብ ላስተላለፈ ደንበኛ ባንኮች እስከ 85,000 ፓውንድ እንዲመልሱለት፣ ወጪውንም ላኪውና ተቀባዩ ባንክ እኩል እንዲጋሩት ተደርጓል። ተቀባዩ ባንክ የአጭበርባሪውን ሂሳብ አቅፎ ቢቀመጥ ከራሱ ኪስ ይወጣል ማለት ነው። በዩሮ ተጠቃሚ አገሮችም ከኦክቶበር 2025 ወዲህ ባንኮች የተቀባዩ ስምና የሂሳብ ቁጥሩ መገጣጠሙን ገንዘቡ ከመተላለፉ በፊት ለላኪው እንዲያሳውቁ ግዴታ አለባቸው።

አጭበርባሪው በገዢ ስም ሲመጣ፣ ማለትም ሻጩ እኛ ስንሆን፣ ነገሩ ለቀልድ ጭራሽ አይመችም። ከዋጋው የሚበልጥ ቼክ ይልክና ትርፉን መኪናውን ለሚያጓጉዝለት ሰው እንድናስተላልፍለት ይጠይቃል። ገንዘቡ በሂሳባችን ላይ ስለታየ ብቻ ቼኩ ተከፍሏል ማለት አይደለም፤ ሐሰተኛነቱ ከሳምንታት በኋላ ሊታወቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ የላክነው ገንዘብ የራሳችን ሆኖ ይገኛል። «ቼኩን አስገብቼ ትርፉን ባልልክለትስ?» የሚል ብልጣ ብልጥ ሐሳብ ሲነገር ሰምቻለሁ፤ ሐሰተኛ መሆኑን እያወቁ ቼክ ለባንክ ማቅረብ ግን ራስን ተጠርጣሪ ማድረግ ነው።

ጽሑፋችሁ ስለ አደጋው አንድም መስመር አልጻፈም። ጨዋታ መስሎት መታወቂያውን ፎቶ አንስቶ የላከ ሰው፣ ለሚቀጥለው ማጭበርበሪያ የሻጭ ፊት አበደረ ማለት ነው። የቤት አድራሻ መስጠት፣ ስልክ ላይ የሚመጣን የማረጋገጫ ኮድ ማቀበል፣ ከሁሉም በላይ «ልያዘው» ብሎ ለብቻ በአካል ለመገናኘት መሄድ ከቀልድ ጋር አይቆጠሩም። በችሎታዬ እተማመናለሁ የሚል ካለ ደግሞ፣ ጂም ብራውኒንግ በሚል ስም የሚታወቀው ስመ ጥር የአጭበርባሪዎች አጋላጭ እ.ኤ.አ. በ2021 የዩቲዩብ ድጋፍ ሠራተኛ መስሎ በቀረበው ሰው ተታልሎ የራሱን ቻናል በገዛ እጁ እንዳጠፋ ያስታውስ።

በሌላ በኩል ቀልዱ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ አሜሪካዊ ላፕቶፑን ሊሰርቀው ለሞከረ ሰው ላፕቶፕ አስመስሎ የሠራውን ዶሴ ለንደን ድረስ ልኮለት፣ ተቀባዩ የጉምሩክ ቀረጥ ከፍሎ ሲረከበው የሆነውን ባሰብኩ ቁጥር እስቃለሁ። አጭበርባሪዎችን በማታለል ወደ ሩቅና አደገኛ ቦታ እንዲጓዙ፣ የሚያዋርድ ጽሑፍ ይዘው ፎቶ እንዲነሱ የሚያደርጉ ሰዎች ግን አሉ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 ባወጣው ሪፖርት፣ በምያንማር ቢያንስ 120,000፣ በካምቦዲያ ደግሞ ወደ 100,000 የሚሆኑ ሰዎች ተይዘው የኦንላይን ማጭበርበር እንዲሠሩ እየተገደዱ ሊሆን እንደሚችል ገልጿል። የመኪና ማስታወቂያ የሚለጥፈው ሁሉ ከእነዚህ አንዱ ነው ማለቴ አይደለም፤ ከስክሪኑ ወዲያ ያለውን ሰው ማንነት ከዚህ ሆነን አንለይም ለማለት ነው። ያው ምክንያት የሂሳቡን ባለቤት ስም በማኅበራዊ ሚዲያ ከመለጠፍ ሊያግደን ይገባል፤ ስሙ የተጻፈው ሰው እሱም የተታለለ ሊሆን ይችላልና።

ስለዚህ ሁለት ነገሮችን በትሕትና እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው ለእናንተ ነው፤ እንዲህ ያለ ታሪክ ስታወጡ ገዢው የሂሳብ ቁጥሩን ለባንክ ጠቁሞ እንደሆነ ጠይቁት፣ ካልጠቆመም ለምን እንዳልጠቆመ ጻፉ፤ ከጽሑፉ ሥር ጥቆማ የት እንደሚቀርብ አክሉ፤ አጭበርባሪው በምን እንደተያዘ በዝርዝር መዘርዘሩን ግን ብትተዉት ይሻላል። ሁለተኛው የመኪና ማስታወቂያ ለሚያስተናግዱ ድረ ገጾች ነው። እኔ ያየኋቸው የጥቆማ ቅጾች የማስታወቂያውን ሊንክና «አጠራጣሪ» የሚል ምርጫ ብቻ ነው የሚቀበሉት። አጭበርባሪው ክፍያ ላኩልኝ ያለበትን የሂሳብ ቁጥርና የባንክ ስም የሚሞሉበት ቦታ ቢጨመርላቸውና መረጃው በቀጥታ ለሚመለከተው ባንክ የሚደርስበት መንገድ ቢዘጋጅ፣ ጠቋሚው ራሱ ባንኩን ፈልጎ እስኪያገኝ የሚባክነው ጊዜ ይቀራል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ