የልጆቻችንን ውጤት በስልክ ስንከታተል

ለጅማ የወላጅ መምህር ኅብረት አባላት፣

የትምህርት ቤቱን የውጤት ድረ ገጽ በቴሌግራም በተላለፈ ሊንክ አትክፈቱ። አድራሻውን ከትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት በወረቀት ወስዳችሁ ራሳችሁ ጻፉት። ከአድራሻው አጠገብ የሚታየው የቁልፍ ምልክት ብቻውን አያስተማምንም፤ የአጭበርባሪ ገጽም ቁልፍ ይኖረዋል።

መጀመሪያ የተሰጣችሁን የይለፍ ቃል ያኔውኑ ቀይሩ። የተማሪው መለያ ቁጥር ከሆነ የክፍል ጓደኛው ሁሉ ይገምተዋል። አራት የማይገናኙ ቃላት ገጣጥሙ፤ የልጁ ስምና የትውልድ ዓመቱ አይግባበት። ልጁ በሚጫወትበት ስልክ ላይ ብራውዘሩ የይለፍ ቃሉን ላስቀምጥ ሲላችሁ እምቢ በሉ። ውጤቱንስ ቢያይ ምን አለበት፤ ችግሩ መልእክት የሚላክበትን ስልክ ቁጥር ሊቀይረው መቻሉ ነው። ሲም ካርድ ስትቀይሩም ቀድማችሁ አዲሱን ቁጥር አስመዝግቡ፤ አለበለዚያ በመልእክት የሚላክላችሁ ማረጋገጫ ኮድ ወደ አሮጌው ይሄዳል።

ፈረንጅ አራዳም ሆነ መርካቶ ኢንተርኔት ካፌ ከተጠቀማችሁ ገጹን መዝጋት አይበቃም፤ «ውጣ» የሚለውን ተጫኑ።

ከ20 የሚያዝ ፈተና ላይ 0 ካያችሁ ልጁን ለመቆጣት አትቸኩሉ። ማርኩ ገና አልገባ ይሆናል፤ ከታረመው ወረቀት ጋር አስተያዩት፣ ካልገጠመ የክፍል ኃላፊ መምህሩን ጠይቁ። የገጹን ፎቶ ግን ግሩፕ ላይ አትለጥፉ፤ መለያ ቁጥሩ አብሮ ይታያል።