«ወደ ስብሰባ ሂዱ» ማለት ብቻውን አይበቃም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ አልኮል ሱስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ሱስን የምግባር ብልሹነት ሳይሆን ሕመም አድርጎ ማቅረቡ ያስመሰግነዋል። ይሁንና መጨረሻው ላይ ሱሰኛው የመደጋገፊያ ቡድን ቢቀላቀል እንደሚጠቀም ጠቅሶ ብቻ አልፏል፤ ቡድኑ እንዴት እንደሚገኝም ሆነ ደጁን አልፎ የገባ ሰው ምን እንደሚገጥመው አንድም ቃል አላለም። እኔ እንዳየሁት ብዙ ሰው ከመንገድ የሚቀረው መጠጥ ለማቆም በወሰነበት ቀንና የመጀመሪያውን ስብሰባ በሚካፈልበት ቀን መካከል ነው።

የመረጃ ክፍተቱ በእናንተ ብቻ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ቢል ዊልሰንና ዶክተር ቦብ ስሚዝ የመሠረቱት አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ራሱን በማስተዋወቅ ሳይሆን በአባላቱ ሕይወት ሌሎችን መሳብን መርሑ ያደረገ፣ አባላቱም በመገናኛ ብዙኃን ማንነታቸውን እንዳይገልጹ የሚጠይቅ፣ መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች የሚደጋገፉበት ማኅበር ነው (ይህ ደብዳቤ ያለ ስም የተላከላችሁም በዚሁ ምክንያት ነው)። የአባላትን ስም መጠበቅ ግን የስብሰባን ሰዓትና ቦታ መደበቅ አይደለም። ቡድኖቹ መርሐ ግብራቸውን በድረ ገጽና በስልክ መተግበሪያ ያወጣሉ፤ በኢንተርኔት የሚካሄዱ ስብሰባዎችም ስላሉ በአቅራቢያው ቡድን ያላገኘ ሰው እንኳ መካፈል ይችላል። ችግሩ፣ ይህን ዝርዝር የሚያገኘው ምን ብሎ መፈለግ እንዳለበት አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ብቻ መሆኑ ነው።

ስለ ስብሰባው ራሱ ጽሑፋችሁ ሊያካትተው ይገባ የነበረውን ልጨምር። ለአባልነት የሚጠየቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። የአባልነት መዋጮ የለም፤ ለአዳራሽ ኪራይና ለመሳሰለው ወጪ ገንዘብ ቢሰበሰብም የሚሰጠው የፈቀደ ብቻ ነው። «ክፍት» የሚባለውን ስብሰባ ማንም ሰው፣ ቤተሰብም ቢሆን፣ ሊታደመው ይችላል፤ «ዝግ» የሚባለው ግን የመጠጥ ችግር ላለባቸውና ለማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። ስለዚህ የራሱን ሁኔታ በውል ላልለየ ወይም ብቻውን መግባት ለከበደው ሰው ክፍቱ ይሻላል። ተናገር ብሎ የሚያስገድድ የለም፤ «ዛሬ ለማዳመጥ ነው የመጣሁት» ማለት ይበቃል። አንዱ የደረሰበትን ሲናገር ሌላው አያቋርጠውም፣ በብዙ ቡድኖችም ምክርም ሆነ ትችት አይሰነዝርም፤ ተግሣጽ ለሰለቸው ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፣ መልስ ጠብቆ ለመጣ ግን መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል። መልስ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከስብሰባው በኋላ፣ ሰዎች ቆመው ሲያወሩና ስልክ ሲለዋወጡ ነው። በተለምዶ «ስፖንሰር» የሚባለው፣ ቀድሞ መጠጥ ያቆመና አዲሱን ሰው በቅርብ የሚያግዝ አባልም የሚገኘው በዚሁ መንገድ ነው፤ ስብሰባው እንዳበቃ ሮጦ የሚወጣ ሰው ዋናውን ነገር ጥሎ ይሄዳል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አንዱ ቡድን ካልተስማማ ሌላውን መሞከር እንጂ «ለእኔ አይሆንም» ብሎ መደምደም አይገባም። ቡድኖች በአመራርም በመንፈስም በእጅጉ ይለያያሉ። የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ የማገገሚያ መመሪያ በሆኑት 12 እርምጃዎች ውስጥ ያለው የፈጣሪ ነገር የሚከብደው ሰው እንደ ስማርት ሪከቨሪ ባሉ፣ የአስተሳሰብንና የባሕርይን ለውጥ መሠረት ባደረጉ ቡድኖች ሊጠቀም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1975 የተጀመረው ዊመን ፎር ሶብራይቲ የተቋቋመው ለሴቶች ሲሆን፣ አል-አኖን ደግሞ ለጠጪው ሳይሆን ለቤተሰቡና ለወዳጆቹ ነው።

የስብሰባዎቹን ጥቅም ለሚጠራጠሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ 27 ጥናቶችንና ከ10 ሺህ በላይ ተሳታፊዎችን መርምሮ፣ ታካሚውን በታቀደ አሠራር ወደ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚያስገባ ሕክምና ከመጠጥ ሙሉ በሙሉ በመራቅ ረገድ ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት እንዳስገኘ አመልክቷል። «በታቀደ አሠራር» የሚለው ይሰመርበት፤ ጥናቶቹ የፈተሹት «ሂድ» ብሎ መሸኘትን አይደለም።

ሳይጠቀስ ማለፍ የሌለበት አንድ አደጋ አለ። በየቀኑ አብዝቶ ይጠጣ የነበረ ሰው በድንገት ሲያቆም ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 2 ቀናት ውስጥ የሚጥል ሕመም ሊነሣበት፣ ቀጥሎም ሕይወትን የሚያሰጋ የአእምሮ መቃወስ ሊያጋጥመው ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ከማቆሙ በፊት ሐኪም ማየት አለበት፤ ስብሰባ ሕክምናን አይተካም።

ስለዚህ ከዝግጅት ክፍላችሁ የምጠይቀው፣ ስለ አልኮል በምትጽፉበት ጊዜ ሁሉ ግርጌው ላይ የስብሰባዎችን መርሐ ግብር የያዘ አነስተኛ ሣጥን እንድታወጡ ነው። ክፍት ወይም ዝግ መሆናቸው፣ በአካል ወይም በኢንተርኔት መካሄዳቸው፣ በምን ቋንቋ እንደሚመሩና ዝርዝሩ መቼ እንደተረጋገጠ ይጻፍበት። የመጨረሻው በተለይ አይዘለል፤ ቡድኖች ሰዓትና አዳራሽ ይቀያይራሉ፣ በስንት ጭንቅ የመጣ ሰው ደግሞ የተቆለፈ በር ካገኘ ተመልሶ መምጣቱ ያጠራጥራል።

ከአክብሮት ጋር፣
ስሜን ያልገለጽኩ አንባቢያችሁ