ለሌሊት ተረኛዋ ሲስተር፦ ምስጋናም ይቅርታም

ይድረስ ለሲስተር፤

ስምዎን እንዳልጽፍ ስለ ለመኑኝ አልጻፍኩም። የሆስፒታሉን ስም ብጠራም ማንነትዎ ስለሚታወቅ እሱንም ትቼዋለሁ። ፒያሳ አካባቢ ነው፤ ይኸው ይበቃል።

የ74 ዓመቷ እናታችን ቀበና ባለው ግቢያችን ውስጥ እርጥብ ድንጋይ አንሸራትቷት ዳሌዋ ተሰበረ። ቀዶ ሕክምናው ያለ ችግር አለቀ፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ለአዳር አስታማሚነት እኔ ቀረሁ።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ የደም ግፊቷ ሲለካ 112 በ68 ሆነ። እናቴ የግፊት ሕመምተኛ ናት፤ መድኃኒቷን እየዋጠች እንኳ ከ150 ወርዳ አታውቅም። የልብ ምቷ 78፣ ሙቀቷም ደህና ነበር። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቁጥር ሲስተካከል ልቤ ያርፋል። ለወንድሜ ደውዬ «ተመስገን፣ ግፊቷም ወረደላት» አልኩት።

እርስዎ ግን ፊትዎ አልተፈታም። «ቤት ስንት ነበር የሚሆነው?» ብለው ጠየቁኝ። ካርዷን ገልጠው የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች አነበቡ። ቀጥለው እጅዎን ደረቷ ላይ አሳርፈው፣ ዓይንዎን ከሰዓትዎ ሳይነቅሉ፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሿን ቆጠሩ፤ 26። እግሯን ዳሰሱ። ጥፍሯን ጫን አድርገው ለቀቁና ቀለሙ እስኪመለስ ጠበቁ።

ያን ጊዜ ነው አፌን የከፈትኩት። «አሁን ገና ተኛች፤ ለምን ትቀሰቅሻታለሽ?» አልኩ፤ ያውም በአንቺታ፣ ያውም ጮክ ብዬ። ዛሬ እርስዎ እያልኩ የምጽፈው አክብሮቴን ለማሳየት ብቻ ሳይሆን ያንን ለመካስም ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎ ግን ወደ እናቴ ጎንበስ ብለው «እማማ፣ ትንሽ ላስቸግርዎ ነው» አሉና ብርድ ልብሱን ገለጡ። ቁስሉ ላይ ያለው ፋሻ ነጭ ነበር፤ አንዲት የደም ነጥብ የለበትም። እጅዎን ከዳሌዋ ሥር አስገብተው ሲያወጡት ጓንቱ ቀልቶ ወጣ። ደሙ በጎን ወርዶ፣ ከጀርባዋ ሥር አንሶላውን አልፎ ፍራሹን ያርስ ኖሯል።

ለሐኪሙ በስልክ ያሉትን በዚያ ድንጋጤ ውስጥ ሆኜም ሰምቼዋለሁ። «ቶሎ ይምጡ» ብለው አልጀመሩም። ማን እንደሆነች፣ ምን እንደተደረገላት፣ ምን እንዳገኙ፣ ምን እንደሚጠረጥሩ በተርታ ተናግረው፣ በመጨረሻ «ደም ይዘጋጅ፤ እርስዎም አሁኑኑ ይዩአት» አሉ። ከአንድ ደቂቃ አልበለጠም። እኔ በመሥሪያ ቤቴ ስንት ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ እንዲህ ያለ ሪፖርት ግን አልሰማሁም።

ደሙ ሲመጣ ሁለት ሆናችሁ የከረጢቱን ቁጥርና የደም ዓይነቱን ከእናቴ ስምና ካርድ ጋር ድምፃችሁን አውጥታችሁ አመሳከራችሁ። መንጠባጠብ ከጀመረ በኋላም ሌላው ታማሚ እየጠራዎት እንኳ የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች ከአጠገቧ አልተነሡም፤ ለዚያኛው ባልደረባዎን ላኩለት። ደሙ ካልተስማማት ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ቶሎ እንደሚታይ የነገሩኝ በኋላ ነው። ከዚያ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ተመልሳ የሚደማው ሥር ተቋጠረ። ከአራዳ ጊዮርጊስ የቅዳሴው ድምፅ ሲሰማ እናቴ ዓይኗን ገልጣ ውኃ ጠየቀች።

ተረኝነትዎን አስረክበው ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ አስቁሜ በምን እንደጠረጠሩ ጠየቅሁዎት። ደክሞዎት ነበር፤ ቢሆንም አስረዱኝ። ሁልጊዜ 160 ለሆነ ሰው 112 ጤና አይደለም፣ ውድቀት ነው አሉ። የምትወስደው የግፊት መድኃኒት፣ አቴኖሎል፣ የልብ ምትን ስለሚገታ፣ የሚደማ ሰው ልቡ እንደሌላው ላይሮጥ ይችላል፤ ስለዚህ 78ን አላመኑትም። ትንፋሽ ግን ቀድሞ ይናገራል። ሽንቷም አንሷል፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር ሊሸና ይገባል፣ በእሷ ከረጢት ውስጥ የነበረው የሁለት ሰዓቱ 25 ብቻ ነበር። ደግሞ «መስኮት ክፈቱልኝ» እያለች ጋቢዋን ስትገፋ እኔ ሞቋት መስሎኝ ነበር፤ እግሯ በረዶ ሆኖ! ሁሉንም እያየሁት አንዱንም አላየሁትም።

እናቴ አሁን በመደገፊያ ቆማ ትራመዳለች። እርስዎን «ልዕልት ፀሐይ» ብላ ነው የምትጠራዎት። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በስደት ዘመን እንግሊዝ አገር ነርስነት ተምረው፣ አገር ነፃ ሲወጣ ተመልሰው፣ ገና በወጣትነታቸው በ1934 ዓ.ም. እንዳረፉ ከእናቷ የሰማችውን ለጠያቂው ሁሉ ታወራለች። ከዚያ ወሬው ወደ እርስዎ ጓንት ይሄዳል። በእያንዳንዱ ትረካ ደሙ ትንሽ ትንሽ ይጨምራል፤ አላርማትም።

እኩለ ሌሊት ከእንቅልፋቸው ተነሥተው ለደረሱት ሐኪም፣ ለማደንዘዣ ባለሙያዎቹ፣ ለላቦራቶሪው ተረኛ፣ አልጋውን ለገፉት ወንድሞች፣ ለእድራችን አባላት፣ ስሙን ለማላውቀው ደም ለጋሽም ምስጋናዬ ይድረስ። ወንድሜና ሦስት ጎረቤቶቻችን ባለፈው ሳምንት ደም ለግሰዋል፤ እኔ ደም ማነስ ስላለብኝ ተመለስኩ።

ሰማያዊው ፔርሙዛችን እዚያው ክፍል ቀርቷል። እናቴ «አይመለስ» ብላለች፤ ለሌሊት ተረኞች የሻይ መያዣ ይሁን። ክዳኑ ትንሽ ይጠብቃል፤ ወደ ግራ ጫን አድርገው ይክፈቱት።

የአልጋ ቁጥር 6 ታማሚ ታላቅ ልጅ